የሶዶ እግር “አቃጠለኝ” ሲል ማን ሰማው?

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላል ያገሬ ሰው። የወላይታ ገበሬ ግን በሽታውን አልደበቀም። እግሩ ከማበጡ በፊት “ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል፣ ላዩን ያሳክከኛል” እያለ ኖሯል። ሰሚ አጣ እንጂ!

ነገሬ ስለ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ዝሆኔ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ይሄኛው ግን ትንኝም አታመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄደን ሰው የሚይዝ ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) በ2003 የወጣ ጥናት ወላይታ ውስጥ ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው በሽታው እንዳለበት አሳየ። በ2006 ደግሞ ዞኑ በዚህ በሽታ ሰበብ በዓመት 16 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያጣ ተሰላ። በ2012 እነ ፋሲል ተኮላ የወላይታን ሕመምተኞች አጥንተው አንዱን ይዞ ሌላውን የሚምረው በዘር በሚወረስ የሰውነት መከላከያ ልዩነት ጭምር መሆኑን አሳወቁ። እርግማን አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ መንግሥት ምን አደረገ? ሶዶ ላይ “ሞሲ ፉት” የተባለው ማኅበር የተመሠረተው በ1998 ነው። በሽታው በትኩረት ማጣት ከሚታወቁት በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ የገባው በ2013 ነው። 15 ዓመት! ሪባን ለመቁረጥ የሚሽቀዳደም ሹም ለእግር ሲሆን ምነው እንዲህ አዘገመ?

እስቲ ወደዚያ “አቃጠለኝ” ወደሚለው ቃል እንመለስ። ማቃጠልና ማሳከክ የቆዳ ነርቭ ቋንቋ ነው። ይህን ቋንቋ ላቦራቶሪ መስማት ከጀመረ ቆይቷል። የወላይታን ዳጣ የቀመሰ ሰው ምላሱ ይነዳል፤ እሳት ግን የለም። ለምን? በ1997 አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ መልሱን አገኙ። በነርቭ ሕዋስ ላይ ከ43 ዲግሪ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት የሚከፍታት አንዲት በር አለች፤ የበርበሬው ንጥረ ነገርም የሚከፍተው ያችኑ በር ነው። ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፈለበት። በ2008 ደግሞ የአይጥ ነርቭ ሕዋሳት ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በረኪና ውስጥ ያለው ኬሚካል ሌላ ተመሳሳይ በር እንደሚከፍት ታየ። በረኪና ሲሸትተን አፍንጫችንን የሚለበልበን በከንቱ አይደለም።

ነገር ግን ዓለም ሱቅ የሚገባውን ኬሚካል ሲመረምር ይህንን ነርቭ ይጠይቃል ወይ? ከ1944 ጀምሮ ጥንቸል ቆዳ ላይ ነበር የሚሞከረው። አውሮጳ በ2013 በእንስሳ ላይ የተሞከረ መዋቢያ እንዳይሸጥ ከለከለች። በምትኩ ከ2010 ጀምሮ በዓለም አቀፍ መመሪያ የጸደቀው ዘዴ፣ ከሰው ሕዋስ ላቦራቶሪ ውስጥ በበቀለ ቆዳ ላይ ኬሚካሉን አድርጎ ስንት ሕዋስ እንደተረፈ መቁጠር ነው። ግማሹ ካልተረፈ ቆዳ ያስቆጣል ይባላል። ጥሩ ነው። ግን ያ ቆዳ ነርቭ የለውም! የሞተውን ይቆጥራል፣ የጮኸውን አይሰማም። ስለዚህ ነው አንዳንድ ተመራማሪዎች የቆዳንና የነርቭን ሕዋስ አንድ ላይ አብቅለው፣ ኬሚካሉ ሲነካው ነርቩ ሲነቃ የሚያዩት።

ይሄ ለሶዶ ምኗ ነው? የሚል አይጠፋም። ምኗ ነው እንዴ! የሕመምተኛው ሕክምና እኮ ሳፋ ውሃ፣ ጠብ የተደረገ በረኪና፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ነው። ይሠራል፤ ማንም እንዳይተወው! በ2018 ውጤቱ የታወቀው በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ የእግር ንጽሕና ድንገተኛውን የሕመም ግርሻ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በደቡብም ሳፋው ውስጥ 2 በመቶ ግሊሰሪን ሲጨመርና ውሃው ሲቀነስ ቆዳው የተሻለ እርጥበት እንደሚይዝ በ2017 የወጣ ሙከራ አሳይቷል። የጓዳ ኬሚካል በአገራችን እግር ላይ በሳይንስ ሊመረመር እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

እኔ የምለው አጭር ነው። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 ጀምሮ እዚያው አለ። አዲስ አበባ ደግሞ የቆዳን ነርቭ የሚገድለውን ሥጋ ደዌ ሊመረምር በ1970 የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን አለ። ሁለቱ ተጋግዘው ያን ቀይ አፈርና የሳፋውን በረኪና በነርቭ ሕዋስ ላይ ይመርምሩልን። በረኪናው ጠርሙስ ላይ ስንት ጠብታ ለስንት ሊትር እንደሆነ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም “ያቃጥለኛል” ያለውን ሰው እግሩ እስኪያብጥ ሳትጠብቅ ትመዝግበው፤ ጫማም ያን ጊዜ ይሰጠው።

ገንዘብ የለም እንዳትሉን። በዓመት 16 ሚሊዮን ዶላር በእግር በኩል ሲፈስ ዝም ያለ መንግሥት፣ ለአንድ ላቦራቶሪ ሲሆን ስለ ቁጠባ ሊሰብከን አይችልም። ነርቩ ተናግሯል። የቀረው የሹሞቹ ጆሮ ነው።