«አደጋ ነው» ተብሎ አይታለፍም

ወገኖቼ፣ ስለ ፕሊማውዙ ሄሊኮፕተር በተነሣ ቁጥር «ምን ይደረግ፣ ሰው ሊያድን መጥቶ የደረሰ አደጋ ነው» የምትሉ አላችሁ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ለማታውቁት፦ በፈረንጆች ማርች 4 ቀን 2022 የእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሲኮርስኪ ኤስ-92 ሄሊኮፕተር ከኮርንዎል ታማሚ ጭኖ ፕሊማውዝ ደሪፎርድ ሆስፒታል መጣ። ማረፊያው የሕዝብ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተከልሎ የተሠራ ነው። ሄሊኮፕተሩ በሰላም አረፈ። ንፋሱ ግን መኪና ማቆሚያው ውስጥ የነበሩ ሰዎችን መትቶ ጣለ። የ87 ዓመት እናት ሞቱ፤ ሌላ ሰው ክፉኛ ተጎዳ።

ታክሲ ከመያዜ በፊት መሐንዲስ ነበርኩና ነገሩን በቀላሉ ላስረዳ። ሄሊኮፕተር አየር ላይ የሚቆመው ክብደቱን በሚያህል ኃይል አየሩን ወደ ታች እየገፋ ነው። ትንንሾቹ የአየር አምቡላንሶች 3 ቶን አካባቢ ናቸው፤ ኤስ-92 ሙሉ ጭነት ሲይዝ 12 ቶን ይደርሳል። ያ ሁሉ አየር መሬት ሲመታ የት ይገባል? ወደ ጎን ነው የሚፈሰው። አጥር ሰው እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ ንፋስ እንዳይወጣ አያግድም። ይሄ የተደበቀ ሳይንስ አይደለም።

የአየር አደጋ መርማሪዎቹ በ2023 ያወጡት ሪፖርትም ይህንኑ ነው የሚለው፦ መኪና ማቆሚያው ላይ ያለው የንፋስ አደጋ ማረፊያው ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ሆነ በኋላ በአግባቡ አልተገመገመም። ቀደም ብሎ ስለ ንፋሱ አቤቱታዎች ተመዝግበዋል፤ ለእያንዳንዳቸው የሆነ እርምጃ ተወስዷል። ዋናውን ችግር ግን ማንም አላየውም። ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ እየመጣ «ድንገተኛ» የሚባለው በየትኛው ሂሳብ ነው?

«ታዲያ ሄሊኮፕተሩ ይቅር ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ማን ወጣው! ታማሚውም ነፍስ ነው። እኔ የምለው፣ ሄሊኮፕተሩ ሊደርስ ሲል ቅርብ ያለው መኪና ማቆሚያና የእግር መንገድ ለጥቂት ደቂቃ ይዘጋ። ርቀቱም የሚለካው እዚያ በሚያርፈው ትልቁ ሄሊኮፕተር ይሁን። ቦታው ካልበቃ ትልቁ ሰፊ ሜዳ ላይ ይረፍና ታማሚው በአምቡላንስ ይምጣ።

ብዙዎቻችሁ በየሆስፒታሉ በጽዳት፣ በጥበቃ፣ በነርስነት ትሠራላችሁ። ንፋሱ ሰው ሲያንገዳግድ ካያችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ «ዙሪያውን ማን ገመገመው?» ብላችሁም ጠይቁ። የማረፊያ ደኅንነት በአብራሪውና በታማሚው ብቻ አይለካም። አጠገቡ የሚያልፈው እግረኛም ሰው ነው።