ለአማካሪው መሐንዲስ፦ ዋልካው በሪፖርትዎ ውስጥ የለም



ገርጂ ዋልካ አፈር ላይ የተሠራው የእድሩ አዳራሽ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው ወጥቷል፤ በበጋ ይሰፋል፣ በክረምት ይጠባል። ምክንያቱን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ኮንክሪቱ አይነቀፍም። የናሙና ኪዩቦቹ በ7 እና በ28 ቀናቸው ተፈትነዋል፤ ብረቱም በልኩ ገብቷል። ምስጋናው እዚህ ያበቃል።

የአፈር ምርመራ ሪፖርቱ የያዘው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ የመሸከም አቅም። በየካቲት የደረቀ ዋልካ ዶማ ስለማይበግረው ቁጥሩ ያማረ ነው። አፈሩ ክረምት ሲገባ አዳራሹን ወደ ላይ ይገፋው እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። በዋልካ ውስጥ ያለው ሞንትሞሪሎናይት የተባለ ሸክላ በስስ ንብርብሮቹ መካከል ውሃ እያስገባ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። የእብጠቱ ግፊት ከ100 ኪሎፓስካል ማለፉ የተለመደ ነው፤ ባለ አንድ ወለል ቤት መሠረቱ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል። ከባዱ ፎቅ ጸንቶ፣ አጥሩና ትንሹ ቤት የሚሰነጠቁት ለዚህ ነው።

ፍተሻው ውድ ቢሆን አባላቱ ዝም ባሉ ነበር። ፍሪ ስዌል የሚባለው ሙከራ የሚጠይቀው 10 ሚሊ ሊትር የተነፋ ደረቅ አፈርና 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለመስመር ብርጭቆ ከነውሃው ነው፤ ውጤቱ በማግስቱ ይነበባል። ሆልዝና ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1956 እንዳስቀመጡት፣ እብጠቱ 100 በመቶ የደረሰ አፈር ቀላል ግንባታን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። አፈር በእርጥበት መጠን ጠባዩን የሚቀይርባቸው የአተርበርግ ወሰኖችም እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ አሉ። በሪፖርቱ አንዱም የለም። ቢኖር ኖሮ ዋልካው ተቆርጦ በማያብጥ ሙሌት (ሰሌክት ማቴሪያል) ይተካ፣ ወይም መሠረቱ በጋና ክረምት ወደማይፈራረቁበት ጥልቀት ይወርድ፣ የጣሪያው ውሃም ከግድግዳው ይርቅ ነበር።

አባላቱ ሌላ አማካሪ በቅናሽ ሲመጣ እርስዎን የመረጡት፣ እድሩ ጉለሌ ሳለ የሠሩለትን ቤት አይተው ነው። ያ ቤት የቆመው ግን እንደ ዋልካ በማያብጥ ቀይ አፈር ላይ ነበር።

ነገሩ የእርስዎ ብቻ አይደለም። የአፈር ሪፖርት ለግንባታ ፈቃድ ማኅተም ሲባል ይጻፋል፤ ስንጥቅ ሲመጣ ባለቤቱ ኮንትራክተሩን፣ ኮንትራክተሩ ሲሚንቶውን ይከሳል፤ ከዚያ ጀሶና ቀለም። አፈሩን የሚጠይቅ ግን የለም፤ የአድአ ገበሬ እንኳ ዋልካ ውሃ ይዞ እንደሚቆይ አውቆ ሽምብራውን በክረምቱ መውጫ ይዘራል።

አባላቱ የሚጠይቁት ይህን ነው፦ ከግድግዳው አጠገብ አዲስ ጉድጓድ ይቆፈር፤ የእብጠት ፍተሻው ይሠራ፤ ውጤቱ በጽሑፍ ይሰጣቸው። ስንጥቁን በጀሶ ለመድፈን የተጠየቀው ገንዘብ እስከዚያ አይከፈልም።

የእድሩ አባላት