ሳይንስና ኑሮ፦ ሃይድሮጅን የት ይገኛል?

ማታ ፋኖስ ስትለኩሱ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ብርጭቆው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ክሩ እንደተለኮሰ ውስጡን ጤዛ የመሰለ እርጥበት ያለብሰዋል። ብርጭቆው ሲሞቅ እርጥበቱ ይጠፋል። ላምባው ውስጥ ውሃ የጨመረ ሰው የለም። ታዲያ ይህ ውሃ ከየት መጣ?

ነገሩ የሃይድሮጅን ሥራ ነው። ሃይድሮጅን ጋዝ ነው። ጋዝ ስንል ከሱቅ የሚገዛውን ላምባ ማለታችን አይደለም። እንደ አየር ያለ፣ በእጅ የማይጨበጥ ነገር ማለታችን ነው። ሃይድሮጅን አይታይም፤ አይሸትም። ከጋዞች ሁሉ ይቀላል። ስለዚህ ሲለቀቅ ሽቅብ ይወጣል። እሳት ከነካው ይነዳል።

ላምባ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ። ላምባው ሲነድ ሃይድሮጅኑ በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል። ሲዋሐዱ ውሃ ይሆናሉ። ብርጭቆው ላይ ያያችሁት ይህንኑ ውሃ ነው። ሄንሪ ካቨንዲሽ የሚባል የእንግሊዝ አገር ሊቅ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1766 ይህን ጋዝ ለይቶ አወቀው። በኋላ የወጣለት ስም ትርጉሙ «ውሃ አስገኚ» ማለት ነው።

ሃይድሮጅን በብዙ ነገር ውስጥ አለ። በ9 ኪሎ ውሃ ውስጥ 1 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ይገኛል። 60 ኪሎ በሚመዝን ሰው ሰውነት ውስጥም 6 ኪሎ ያህል አለ። በእህል፣ በሥጋ፣ በቅቤ፣ በእንጨትና በኩበትም ውስጥ አለ። ፀሐይም አብዛኛው አካሏ ሃይድሮጅን ነው። ንጹሕ ጨው ግን ሃይድሮጅን የለውም። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለውም እጅግ ጥቂት ነው።

ውሃ ውስጥ ይህን ያህል የሚነድ ጋዝ ካለ፣ ውሃ ለምን አይነድም? ሃይድሮጅኑ ከኦክስጅን ጋር ስለተዋሐደ ነው። አንድ ጊዜ ነዶ ያበቃ ማለት ነው። አመድ ተመልሶ እንደማይነድ ሁሉ ውሃም አይነድም።

ኤሌክትሪክ ግን ሁለቱን መልሶ ይለያቸዋል። ይህ የሚሆንበት ቦታ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። አሲድ ያለበት ባትሪ ውስጥ ነው። የመኪና ባትሪ እንዲህ ያለ ነው። በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ መብራት ከሚውሉት ባትሪዎችም እንዲህ ያሉ አሉ። ባትሪው ሲሞላ፣ በተለይም ሊሞላ ሲቃረብ፣ በውስጡ ያለው ውሃ ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክስጅን ይከፈላል። የባትሪ ውሃ እየጎደለ የሚሄደው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ቤቱ ከተዘጋ ሃይድሮጅኑ ይጠራቀማል። ከ100 እጅ አየር 4 እጁ ሃይድሮጅን ከሆነ እሳት ሊይዝ ይችላል። ክብሪት ይበቃዋል። የሽቦ ብልጭታም ይበቃዋል። ያን ጊዜ ባትሪው ሊፈነዳ ይችላል። ሥጋ የሚያቃጥለው አሲድም ፊትና ዓይን ላይ ይረጫል።

ስለዚህ የሚከተለውን አድርጉ፦

1. ባትሪ የምትሞሉት ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሁን። መኝታ ቤት ውስጥ አይሁን።
2. የባትሪ ውሃ መጉደሉን ለማየት ኩራዝ ወይም ክብሪት አታስጠጉ። በቀን ብርሃን እዩት።
3. ባትሪው አጠገብ ሲጋራ አታጭሱ። ልጆችንም አርቁ።
4. አሲድ ዓይን ከነካ፣ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጥያቄዎች

ሀ. የፋኖስ ብርጭቆ ላይ የሚታየው ውሃ ከምን ተገኘ?
ለ. ውሃ የማይነደው ለምንድን ነው?
ሐ. ባትሪ አጠገብ ክብሪት መጫር ምን ጉዳት ያመጣል? ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አስረዱ።