ግድግዳው የማን ነው?

በምግብ አዳራሻችን የሚሰለፍ ተማሪ ሁሉ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ ነገር ያያል፤ ይኸውም ባዶ ግድግዳ ነው። ርዝመቱ ሃያ ሜትር ያህል፥ ከፍታው ከአምስት ሜትር የማያንስ፥ እስከ ሰው ትከሻ ድረስ ግራጫ ቀለም የተቀባ፥ ከዚያ በላይ አንድ ጊዜ ነጭ የነበረ ግድግዳ ነው። ዛሬ ስለዚህ ግድግዳ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን። ነገሩ ቀላል የሚመስለው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምናለን።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አራት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው አቡጀዴ ገዙ። ሁለት ቁራጭ ሰፍተው ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ሸራ አበጁ፤ ሙጫና ነጭ ቀለም ቀብተውም በመኝታ ቤታችን ኮሪደር ላይ ዘረጉት። ለሠዓሊ ተብሎ የሚሸጠው ቀለም ከኪሳቸው በላይ ስለ ሆነ ለበርና ለመስኮት የሚሆነውን ዘይት ቀለም ተጠቀሙ። የሣሉትም ከጊቢው በር ፊት ለፊት ማለዳ ሻይና ዳቦ የሚሸጡልንን እናቶች ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሥዕሉ በምግብ አዳራሹ እንዲሰቀል ማመልከቻ ጻፉ። «ሲጠና ይነገራችኋል» ተባሉ። ኮሪደሩ መተላለፊያ ነውና ሸራው ተጠቅልሎ ከአልጋ ሥር ገባ። ከአራት ወር በኋላ ሲፈቱት ቀለሙ እርስ በርሱ ተጣብቆ፥ የእናቶቹም ፊት ተልጦ ተገኘ።

የቀለምን ጠባይ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል እንጂ። ላዩ በጥቂት ቀን ቢደርቅም ውስጡ ብዙ ወራት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለገበያ የቀረበው በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ግን ውኃው ሲተን በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ በአንድ ቀን ደራርቦ ለመቀባት ያስችላል። በአክሪሊክ ላይ ዘይት መቀባት ይቻላል፤ በዘይት ላይ አክሪሊክ ቢቀባ ግን አይዝም፥ ይላጣል። ሁለቱም ቢሆኑ ሥዕሉ ትልቅ ሲሆን ተወጥሮ የሚቆምበት ቦታ ይሻሉ። ሠዓሊውም ራቅ ብሎ ካላየው የሠራውን አያውቅም። ስለዚህ ያን ሥዕል ያበላሸው የልጆቹ አለማወቅ ብቻ ሳይሆን የግድግዳ ማጣትም ነው።

በሌላ አገር ለትልቅ ሥዕል ምን ዓይነት ቦታ እንደሚሰጥ እንመልከት። ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልደው በ1977 ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ የሄዱ ናቸው። ለሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሠሯቸውና በ2017 የተሰቀሉት ሁለት ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ከ8 ሜትር በላይ ከፍታና ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ስፋት አላቸው። የተሠሩት በኢንክና በአክሪሊክ ነው። ይህን ያህል ሸራ የሚያስገባ ክፍል እንደ ልብ አይገኝምና፥ በኒው ዮርክ ሃርለም ሰፈር አገልግሎቱን ባቆመ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሣሉ። የተሰቀሉትም ያለ ትኬት በሚገባበት የሙዚየሙ መግቢያ አዳራሽ ነው።

በ2023 የኚሁ ሠዓሊ አንድ ሥዕል በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። ብዙ ሰው የሚያወራው ይህን ነው። እኛን ግን የበለጠ የነካን ሌላ ነገር ነው። በ2024 ጁሊ በኒው ዮርክ ለሚገኘው የዊትኒ ሙዚየም ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጡ፤ ዕድሜው 25 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ በነፃ እንዲገባ። ይህ የእኛ ዕድሜ ነው። የኒው ዮርክ ወጣት በነፃ ገብቶ ያያል፤ እኛስ? በ2016 ሥራዎቻቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል ታይተው ነበር። ያን ጊዜ እኛ ልጆች ነበርን። ዛሬም ከዋና ከተማው ርቀን የምንማር በመሆናችን ያን ማእከል አይተን የማናውቅ ብዙዎች ነን።

አንዳንድ ሰዎች «ትልቅ ሥዕል የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ለኛ እንጀራው ይቅደም» ይላሉ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ሽሮው የቀጠነበት ተማሪ ይህን ቢል አንፈርድበትም። ነገር ግን አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያኑን ያስሣሉት ስለ ጠገቡ አልነበረም። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴም ሆነ በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፥ ሠዓሊዎቹ በጨርቅ ላይ ሥለው በግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። ማንበብ ያልተማረው ገበሬ ያን ግድግዳ እያየ ታሪክ ተምሯል። ትልቁ ሸራ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ባዕድ የሆነው ባዶው ግድግዳ ነው።

ምናልባት የሚያስፈራው የሥዕሉ ይዘት ይሆናል። ሻይ የሚሸጡት እናቶች ከበሩ እንዲነሡ በየጊዜው እንደሚታዘዙ ሁላችንም እናውቃለን። ከበር የተባረረ በግድግዳ ሊገባ ነው ተብሎ ይሆን? እንዲህ ከሆነ ሠዓሊ ታደሰ መስፍንን እናስታውስ። በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት እኚህ ሰው፥ በመንገድ ዳርና በጉልት የሚነግዱ ሴቶችን በዘይት ቀለም እንደ ምሰሶ አቁመው ሥለዋል። ሥራዎቹ ለንደን ድረስ ሄደው ታይተዋል። ለንደን ያላፈረችባቸውን ሴቶች እኛ የምናፍርበት ምክንያት አይታየንም።

እኛም ራሳችን ከወቀሳ ነፃ አይደለንም። ሸራው ኮሪደር ላይ ተዘርግቶ ሳለ በጫማ የረገጡት ተማሪዎች ነበሩ። ሥዕሉ ከአልጋ ሥር ሲገባም አራት ወር ሙሉ «የት ደረሰ?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልተገኘም። ደግሞም ትልቅነት ብቻውን ሥዕልን መልካም አያደርገውም፤ መጥፎ ሥዕል በትልቁ ሲሠራ መጥፎነቱ ከሩቅ ይታያል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ለተማሪዎች ሥዕል ይፈቀድ፤ ከመምህራንና ከተማሪዎች የተውጣጣ ኮሚቴ ይምረጥ፤ ሥዕሉም በየመንፈቁ ይለወጥ፤ ያልተወደደው እንዲወርድ። ሁለተኛ፥ በዕረፍት ወራት ባዶውን ከሚቆመው አዳራሽ አንዱ ለሚሥሉ ይከፈት። ሦስተኛ፥ በዓመት አንድ ጊዜ አውቶቡስ ተሰጥቶን የገብረ ክርስቶስ ደስታን ማእከል ሄደን እንይ። ቀለሙንና ሸራውን እናዋጣለን። ግድግዳው ግን አለ፤ ወጪ አይጠይቅም።

አራቱ ጓደኞቻችን እንደገና አቡጀዴ ለመግዛት ሳንቲም እያሰባሰቡ ነው። በዚህ ጊዜ የት እንደሚሰቅሉት አስቀድመው ማወቅ ይፈልጋሉ። ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል «እየተጠና ነው» ከሚለው የተለየ መልስ ቢሰጠን በሚቀጥለው እትማችን በደስታ እናትማለን። መልስ ካልመጣም የግድግዳውን ስፋት በትክክል ለክተን እንመለሳለን።