የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም!

እኔ የምለው፣ መጽሐፍ ሰው ይበላል እንዴ? የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» (በእኛ ቋንቋ «የተወደደችው» እንደማለት ነው) እ.ኤ.አ በ1987 ታትሞ በዓመቱ የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘ ልብ ወለድ ነው። ደራሲዋም በ1993 ኖቤል ተሸልማለች። ታዲያ ይህ መጽሐፍ በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት የምርጫ መጫወቻ ሆኖ አረፈው! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ በ2013 በፌርፋክስ አንዲት እናት፣ ልጄን ረበሸብኝ ብላ መጽሐፉ ከክፍል እንዲታገድ አቤት አለች። አልተሳካላትም። በ2016 ምክር ቤቱ፣ ወሲብ ነክ መጽሐፍ ከመሰጠቱ በፊት ወላጅ ይነገረው፣ ካልፈለገም ልጁ ሌላ ያንብብ የሚል ሕግ ቢያወጣ አገረ ገዥው ቴሪ ማኮሊፍ ውድቅ አደረጉት። በ2021 ተቀናቃኛቸው አቶ ያንግኪን ያቺኑ እናት በምርጫ ማስታወቂያ አቅርበው ቀሰቀሱ፤ አሸነፉም። በ2022 ተመሳሳይ ሕግ ፈረሙ።

ለመሆኑ ያስፈራቸው ምንድን ነው? ልብ ወለዱ የተጸነሰው ከአሮጌ ጋዜጣ ቁራጭ ነው። በጥር 1856 ማርጋሬት ጋርነር የምትባል በባርነት ያለች እናት፣ በረዶ የሆነውን የኦሃዮ ወንዝ ተሻግራ ሲንሲናቲ ገባች። አሳዳጆቿ ሲከቧት፣ ተመልሳ ባሪያ ከምትሆን ብትሞት ይሻላል ብላ የሁለት ዓመት ሴት ልጇን በቢላዋ ገደለች። ነፍሰ ገዳይ ተብላ እንድትከሰስ የተሟገቱት የገዛ ጠበቆቿ ነበሩ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል! ነፍሰ ገዳይ ቢያንስ ሰው ነዋ! ሕጉ ግን እንደ ዕቃ ቆጥሮ ለ«ጌታዋ» መለሳት።

ሞሪሰን ታሪኩን ወደ 1873 ወሰደችው። የእርስ በርሱ ጦርነት ካበቃ 8 ዓመት ሆኖታል። ባርነት ቀርቷል፤ በወረቀት ሁሉም ነገር አልቋል። ሴተ በምትባለው እናት ቤት ግን አላለቀም። የገደለቻት ልጅ መንፈስ ቤቱን ያምሳል፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ፈርተው ጠፍተዋል። ኋላም ሟቿ ጎልማሳ ሆና መጥታ እናቷን ታሟጥጣታለች። ጎረቤት ለ18 ዓመት ያህል ፊቱን አዙሮባት ነበር። መንፈሷ የሄደችው የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ደጇ ሲቆሙላት ነው። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው፦ ሐዘን የሚቀለው ሲላቀሱት እንጂ ሲሸሽጉት አይደለም!

«ወላጅ የማወቅ መብት የለውም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። አለው እንጂ! እኔም የልጆች አባት ነኝ። ግን እስቲ ልጠይቅ፦ በዚያው አገር የ17 ዓመት ልጅ በወላጁ ፈቃድ ወታደር መሆን ይችላል። ጠመንጃ ለመሸከም የደረሰ ልጅ፣ ጦርነት በእናት ላይ ትቶት የሚሄደውን ለማንበብ ገና ሕፃን ነው ማለት ነው? አይ ፍርድ!

ፌርፋክስና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ «የፈረንጅ ጣጣ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ልጆቻችሁ እዚያው ክፍል ተቀምጠዋል። መጽሐፍ መፍራትንም እናውቀዋለን። በ1975 ዓ.ም የኤርትራን ጦርነት ያነሳው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ሲለቀም ጦርነቱ ቆመ እንዴ? እስከ 1983 እናት ስታለቅስ ኖረች!

ከዚያ በኋላስ? ከ1990 እስከ 1992 በባድመ ጦርነት ስንቱ ረገፈ። በሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ። ፊርማ ጥይት ያስቆም ይሆናል። በትግራይ፣ በአማራ፣ በአፋር ልጇን በእጇ ያልቀበረች እናት ግን ምን ተፈረመላት? «ያለፈው አልፏል፣ ቁስል አትነካኩ» የሚሉን ሰዎች ቁስሉ የማን እንደሆነ ይንገሩን! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የእኛም ሴተዎች ታሪካቸው ይጻፍ፤ ሲጻፍም አይለቀም፤ ልጆቻችንም ያንብቡት። አለዚያ ያልተለቀሰለት ሙት ተመልሶ በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

ልብ ያለው ልብ ይበል!