ስለ አውሮፕላን አብራሪዎች ትምህርትና ስለ ቅጥር ጥበቃ

የአውሮፕላን ጥቅም ይበልጥ የሚታወቀው መንገድ በሚረዝምበት አገር ነው። ከካማሺ ተነሥቶ ወደ አሶሳ የሚሔድ መንገደኛ በወለጋ በኩል ዞሮ ይደክማል፤ ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ሩቅ መንገድ ግን አውሮፕላን ያሳጥርለታል። ይህ አገልግሎት እንዲሰፋ፥ አውሮፕላን ከመግዛት ጋራ የተማረ አብራሪ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1946 ሥራ ሲዠምር አብራሪዎቹ ከአሜሪካ የመጡ ነበሩ። ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑት በ1957 ነው። እነዚያ 11 ዓመታት ትምህርትና ልምምድ የተፈጸመባቸው ስለ ሆኑ ባክነው ቀሩ አይባልም።

በዓለም ደንብ መሠረት የንግድ በረራ ፈቃድ የሚሻ ሰው፥ በታወቀ ትምህርት ቤት ሲማር እንኳ፥ ቢያንስ 150 ሰዓት መብረር አለበት፤ ለአየር መንገድ አዛዥነት ፈቃድ ደግሞ 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። የመንገደኛ ነፍስ የሚጠበቅበት ነውና ከዚህ ማጕደል አይገባም።

ነገር ግን መማር ሌላ፥ ተቀምጦ መጠበቅ ሌላ ነው። ትምህርቱን ፈጽሞ የቅጥር ቀን ሳያውቅ የሚቀመጥ ወጣት እጁ የለመደውን ይረሳል፤ ልጃቸውን በብዙ ድካም ያስተማሩ ወላጆችም ይቸገራሉ። ከሩቅ ወረዳ ለመጣ ልጅ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው።

ስለዚህ አሠልጣኞችና ቀጣሪዎች ተመካክረው የተማሪውን ቍጥር ከሥራው ቦታ ጋራ ያመዛዝኑ፤ የሚጠበቀውንም ጊዜ አስቀድመው ይግለጹ፤ እስከዚያም በበረራ መለማመጃ መሣሪያ ያስጠኑት። ወጣቱም በበኩሉ መጽሐፉን አይዝጋ። ጥበቃ ፍሬ የሚሰጠው ሥራ ሲኖርበት ነው።