ቁጥሩ ሞልቷል፤ የሚያገናኘው ነው የጠፋው

አዳማ ውስጥ ጥርሱ ቡናማ የሆነን ወጣት «የወንጂ ልጅ ነህ እንዴ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ቀልድ ይቆጠራል። ቀልደኛው ነገሩ ከውሃ እንደመጣ ያውቃል። «የትኛው ጉድጓድ? ስንት ሚሊግራም? በምን ተለክቶ?» ብትሉት ግን ቀልዱ እዚያው ላይ ያበቃል። የሚያናድደው ታዲያ መልሱ ከተለካና ከታተመ ብዙ ዓመት ማለፉ ነው። አንዱ ቁራጭ አንዱ ጆርናል ላይ፣ ሌላው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሪቪው ነው። ሪቪው ወይም የዳሰሳ ጽሑፍ የሚባለው፣ አዲስ ናሙና ሳይለካ ሌሎች የለኩትን ሰብስቦ፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የትኛው እንደሚታመን የሚፈርድ ጽሑፍ ነው። «ይሄ የኬሚስቶች ጣጣ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እስቲ ትንሽ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ጉዳዩን እናስታውስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ገና በመሠራት ላይ ያለውን የሕፃናት ጥርስ ያበላሻል። መጠኑ ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ገብቶ ሰው ያጎብጣል። የስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ ይለቃል፤ ውሃው ካልሲየም ስለሚያንሰው ፍሎራይዱን ይዞ የሚዘቅጥ ነገር የለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ተወልደው በስምጥ ሸለቆ ካደጉት የተመረመሩ ልጆች ከመቶ 80 በሚበልጡት ጥርስ ላይ ምልክቱን አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ከአንድ ሺህ በላይ የውሃ ናሙና ይዘው ፍሎራይዱ በአገሪቱ የት የት እንዳለ አሳዩ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች በአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ፍሎራይድን ስለማስወገድ የሠሩትን በኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን ላይ አወጡ። ከኖርዌይ፣ ከስዊዘርላንድና ከአሜሪካ የመጡ ቡድኖችም ለክተው ሄደዋል። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፉንማ ተዉት።

እንግዲህ ቁጥር አልጠፋም። ችግሩ ቁጥሮቹ እርስ በርስ አለመተዋወቃቸው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ውሃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ በአብዛኛው የሚለካው እ.ኤ.አ. በ1966 ፍራንትና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች ባስተዋወቁት ኤሌክትሮድ ነው። መሣሪያው ድንቅ ነው፤ ግን የሚያየው ብቻውን የሚንሳፈፈውን ፍሎራይድ ነው። አሉሚኒየም ወይም ብረት የያዘውን አያየውም። ስለዚህ እነዚሁ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ቲሳብ የሚባል ማስተካከያ ፈሳሽ አቀረቡ፤ ናሙናው ላይ ሲጨመር ፍሎራይዱን ከያዘው ነገር ያላቅቃል። በዚያ ላይ ንባቡ በሚሊቮልት ስለሆነ፣ የአንድ ሚሊቮልት ስህተት ብቻ ውጤቱን 4 በመቶ ገደማ ያዛባዋል።

አሁን ወደ መንደር እንውረድ። ከህንድ የመጣው የናልጎንዳ ዘዴ በስምጥ ሸለቆ መንደሮችም ተሞክሯል፤ ፍሎራይድን የሚያስወግደው በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ ነው። አያችሁት? ማጣሪያው አሉሚኒየም ይጨምራል፤ አሉሚኒየም ደግሞ መለኪያውን ያሳውራል። ከተጣራው ውሃ ውስጥ የተረፈ አሉሚኒየም ካለና ለኪው ቲሳቡን ከዘለለው ወይም ካሳነሰው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ውሃ ሕፃኑ ከሚጠጣው ውሃ የነጻ ይሆናል። አንዱን ጥናት ለብቻው ያነበበ ሰው ይህን ላያስተውል ይችላል። ሃያውን ጥናት በአንድ ሠንጠረዥ ደርድሮ «ማን በምን ዘዴ ለካ? ቲሳብ ተጠቅሟል?» ብሎ የጠየቀ ግን ወዲያው ያየዋል። ጥሩ ሪቪው የሚሠራው ይህንን ነው።

ሌላም አለ፣ ይኼኛው የቤታችን ጉዳይ ነው። አንዱ ጽሑፍ ናዝሬት ይላል፣ ሌላው አዳማ። አንዱ ዝዋይ፣ ሌላው ባቱ። አንዱ ደብረ ዘይት፣ ሌላው ቢሾፍቱ። አገሩን የማያውቅ ሰው ሁለት ከተማ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ሪፖርቱ ላይ «1998» ተብሎ ሲጻፍ በእኛ ነው በፈረንጅ? ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው፤ በዚህ መሃል ጉድጓዱ ሊዘጋ፣ የውሃው ምንጭ ሊቀየር ይችላል። አዳማ ራሷ ዛሬ የምትጠጣው በአመዛኙ ከአዋሽ ተስቦ የሚጣራ ውሃ ነው፤ የድሮ የጉድጓድ ቁጥር ይዞ ስለዛሬው ቧንቧ መናገር ስህተት ነው። ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ከሩቅ አገር ፕሮፌሰር ይልቅ የአዳማ ወይም የመቂ ልጅ ይቀርባል።

«ሪቪው የሰነፍ ሥራ ነው፤ ላብራቶሪ የሌለው ሰው ነው የሚጽፈው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፣ ግማሽ። «እገሌ ይህን አገኘ፣ እገሊት ያንን አገኘች» እያለ የሚዘረዝረው ጽሑፍ የዕቃ ቆጠራ ነው። የዕቃ ቆጠራማ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በደቂቃ ያወጣዋል። መደርደሪያ ላይ ያለውን ያልተቃኘ መመረቂያ ጽሑፍ ሄዶ የሚገልጥ፣ ለኪውን ደውሎ «ናሙናውን በክረምት ነው በበጋ የቀዳኸው?» የሚል ግን ሰው ነው። ሪቪው መጥፎ ልኬትን ጥሩ እንደማያደርግም እንመን። የትኛው መጥፎ እንደሆነ ግን ይነግረናል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በትልቁ ዓለም ይህ ሥራ ክብር አለው። የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ «አናሊቲካል ኬሚስትሪ» የተባለው ጆርናል ለአሥርት ዓመታት በየሁለት ዓመቱ የዘርፉን ዘዴዎች አንድ በአንድ እየዳሰሰ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ዳሰሳ ብቻ የሚያትም ዓመታዊ መጽሔት አለ። ባለጸጋዎቹ መሣሪያ ሞልቷቸው እያለ ተቀምጠው ያነባሉ። እኛ ኬሚካል ለማዘዝ ዶላር እየጠበቅን፣ የተለካውን ጉድጓድ መልሰን እንለካለን!

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ለአንድ የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ሂስ ያለው ሪቪው እንደ ሙሉ መመረቂያ ሥራ ይቀበሉት። ሠንጠረዡ የጉድጓዱን የድሮና የአሁን ስም፣ ቀኑን ከነዘመን አቆጣጠሩ፣ ወቅቱን፣ ዘዴውንና የስህተቱን መጠን ይያዝ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ባለ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ለየከተማው ውሃ አገልግሎት ይድረስ። አዲስ ናሙና የሚቀዳውም ሠንጠረዡ ባዶ በሆነበት ቦታ ይሁን።

ይህ ሲሆን የሚቀጥለው ጉድጓድ የት እንደማይቆፈር ከመቆፈሩ በፊት እናውቃለን። ዛሬ የሚወለደው የወንጂ ልጅም ያለ ምንም ቀልድ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል።